ያለ ጌሾ ያወጣሁት ውሃ

አረቄ አወጣ ነበር። ይኼን ከመጀመሪያው መናገሬ፣ በኋላ ከሌላ ሰው ሰምታችሁ «ደበቀችን» እንዳትሉኝ ነው። በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ገደማ፣ ኮልፌ ግማሹ ባሕር ዛፍ ግማሹ ቤት በነበረበት ጊዜ፣ ከጦር ኃይሎች ወዲህ ጥሩ አረቄ የት እንደሚገኝ የጠየቀ ሰው ጣት የሚቀሰርለት ወደ እኔ አጥር ነበር። ትምህርት ቤት ደጃፍ አልደረስኩም፤ ፊደል የቆጠርኩት ከልጅ ልጆቼ በኋላ፣ እነሱው አስቆጥረውኝ ነው። ነገር ግን እሳት መቼ እንደሚቀነስ፣ እንፋሎት መቼ እንደሚያኮርፍ፣ ድፍድፍ መቼ እንደሚዋሽ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። ትዕቢት አይምሰላችሁ። ዶሮ እንቁላል ጥላ ብትጮህ ማን ይቆጣታል?

ዶሮ ካልኩ አይቀር፣ ያን ጊዜ አተላ የለመደች አንዲት ገብስማ ዶሮ ነበረችኝ። ጠዋት አተላዋን ትለቅምና እስከ ቀትር አጥሩ ላይ ቆማ እንደ አውራ ዶሮ ትጮሃለች፤ ከሰዓት በኋላ ቢረግጧት አትነቃም። ዶሮዋን እንተዋት። ላወጋችሁ የተነሳሁት ስለ ባትሪ ነው።

ከግቢዬ ዳር ያለችውን አንዲት ክፍል ታደለ ለሚባል ልጅ አከራይቼ ነበር። ልጅ ማለቴ ለእኔ ነው እንጂ ጢሙ ሙሉ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ፣ ለመመረቅ የሚቀረው አንድ ጽሑፍ ብቻ ነበር። ሌላው ሰው ሕግ ያጠናል፣ ሕክምና ያጠናል፤ ታደለ የሚያጠናው ባትሪ ውስጥ የሚገባውን ውሃ ነበር። መጀመሪያ ክፍሉን ሳይ ደነገጥኩ። መደርደሪያው ላይ አራት ትልልቅ የመስታወት ብልቃጦች ተደርድረዋል፤ በየአንዳንዳቸው ውስጥ ሁለት ሁለት ዝርግ እርሳስ፣ የመጻፊያው ሳይሆን ማዕድኑ፣ ተነክሯል፤ ከላይ ሽቦ ተንጠልጥሏል።

«ልጄ፣ ደብተራ ቤት ነው ወይስ ዩኒቨርሲቲ ነው የምትማረው?» አልኩት።

ሳቀና አስቀምጦ አስረዳኝ። «እማማ፣ ሁለቱ እርሳሶች ሁለት መንደር ናቸው ይበሉ። ይሄ አሲድ የገባበት ውሃ መሐላቸው ያለው መንገድ ነው። መንገዱ ንጹሕ ከሆነ ጉልበቱ ሲፈለግ ብቻ ይመላለሳል። ባዕድ ነገር ከገባበት ግን ማንም ሳይጠራው ውስጥ ለውስጥ ያልቃል። ባትሪው ምንም ሳይሠራ፣ እንደቆመ ይሞታል።»

«ገባኝ» አልኩት። «ወሬኛ የገባበት ቤት ማለት ነው። ባልና ሚስት አንድ ሥራ ሳይሠሩ ማታ ደክመው ይተኛሉ።»

እስክሪብቶውን አውጥቶ ደብተሩ ላይ ጻፈው። አያችሁ፣ ያን ዕለት ነው መዋደዳችን የጀመረው። የተናገርኩትን የጻፈልኝ ሰው ከእሱ በፊት አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሾፌሮች የባትሪያቸው ውሃ ሲጎድል ያገኙትን ይሞሉበታል፤ ወንዝ ቢሆን፣ ጉድጓድ ቢሆን ግድ የላቸውም። ታደለ የትኛው ውሃ ባትሪውን ምን ያህል እንደሚገድል ለክቶ ማሳየት ፈለገ። አንደኛው ብልቃጥ ከእንፋሎት የተጠራቀመ ንጹሕ ውሃ፣ ሁለተኛው ከቆርቆሮ ጣሪያዬ የወረደ ዝናብ፣ ሦስተኛው የጎረቤታችን የሐጂ ኑሪ ጉድጓድ፣ አራተኛው የታችኛው ወንዝ። በየሳምንቱ አራቱንም በኤሌክትሪክ ይሞላቸዋል፤ ሲሞሉ ውሃቸው ስለሚቀንስ ከየራሳቸው ውሃ ይጨምርላቸዋል፤ ከዚያ ያቆማቸውና መርፌ ባለው መለኪያ ጉልበታቸው ስንት ስንት እንደወረደ ያያል። ሁሉም የሚመዘኑት በአንደኛው ነው። አንደኛው ከተበላሸ ጽሑፉ የለም። ጽሑፉን የሚያየው ፈረንጅ መምህር ደግሞ ሰኔ ሲያልቅ ወደ አገሩ ጠቅልሎ ይሄዳል። እስከዚያ ካልደረሰ ታደለ አንድ ዓመት ሙሉ ይጠብቃል፤ እዚያው ረዳት መምህር ሆኖ እንዲቀር የተያዘለት ቦታም ለሌላ ይሰጣል።

አንድ ጊዜ ብልቃጦቹን ላጽዳለት ብዬ ገብቼ የአሲድ ጠብታ ነጠላዬ ላይ አረፈች። ስቀመጥ ነጠላ ነበር፤ ስነሳ ወንፊት። «እማማ፣ አይንኩ ብዬዎት ነበር» አለኝ። «ነጠላው ነው የነካው፣ እኔ አልነካሁም» አልኩት።

ከዕለታት አንድ ቀን ታደለ ከትምህርት ቤት መጥቶ ደጄ ላይ ራሱን ይዞ ተቀመጠ። የዩኒቨርሲቲው ውሃ ማጣሪያ ተሰብሯል፤ መለዋወጫው በመርከብ ነው የሚመጣው። ከጋራዥ የሚገኘው ውሃ ደግሞ አይታመንም። እኔ በዚያ ሰዓት አረቄዬን እያወጣሁ ነበር። ማሰሮው ይንተከተካል፣ እንፋሎቱ በሸምበቆው ይሄዳል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የተቀመጠው ዕቃ ላይ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ታደለ አንገቱን ቀና አደረገና ጠብታዋን በዓይኑ ተከተላት።

«እማማ፣ ድፍድፉ ባይኖርበትስ? ማሰሮው ውስጥ ውሃ ብቻ ቢሆን ምን ይወጣል?»

«ስድብ ይወጣል» አልኩት። «የሚጠጣው ሰው ይሰድበኛል።»

በማግስቱ ጌሾ የሚባል ነገር ያልነካው አዲስ ማሰሮ፣ አዲስ ሸምበቆና የመስታወት መቀበያ ይዞ መጣ። አወጣሁለት። ወስዶ በመሣሪያ መረመረውና እየሮጠ ተመለሰ። «እማማ፣ ከዩኒቨርሲቲው ይበልጣል» አለኝ። እኔ አልደነቀኝም። እነሱ ማሽን ነበራቸው፣ እኔ እጅ አለኝ። «ብቻ አንድ ነገር» አለ፣ «ከዚህ ከጠራው ውሃ በቀር ምንም፣ ምንም እንዳይገባበት።» «በእኔ ጣለው» አልኩት። ከዚያ ወዲያ አመነኝና መመርመሩን ተወው።

ቤቴ ሁለት ዓይነት ጠርሙስ መግባቱ ግን መዘዝ አመጣ። ሃምሳ አለቃ ገብሬ የሚባሉ፣ ከውትድርና በጡረታ የወጡ የቆየ ደንበኛ ነበሩኝ። አንድ ከሰዓት እኔ እሳት ስቆሰቁስ እሳቸው መደርደሪያው ላይ ያገኙትን ጠርሙስ አንስተው ቀዱ። አንድ መለኪያ ጠጡ። ሁለተኛ ደገሙ። ደረታቸውን ዳሰስ አደረጉ። ሦስተኛውን ጨለጡና ጠሩኝ።

«እትዬ፣ እኔ ታምሜያለሁ።»

«ምን ሆኑ?»

«አረቄ አልሰማ አለኝ። ሦስት ጠጥቼ ምላሴ እንኳ አልነቃም። ሰው እንዲህ የሚሆነው ቀኑ ሲደርስ ነው።»

ጠርሙሱን አየሁት። «አይዞዎት፣ የጠጡት የባትሪ ውሃ ነው።»

ይኼኔ ባሰባቸው። ሆዳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ታዲያ አሁን ልበራ ነው?»

«ሲመሽ እናያለን» አልኳቸው።

አልበሩም። ነገር ግን በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ «ያቺ ሴትዮ ውሃ መሸጥ ጀመረች» ይል ጀመር። ስሜ ሊጠፋ ነው እንግዲህ። አረቄዬ ላይ ቀይ ክር፣ የባትሪው ላይ ነጭ ክር አሰርኩበትና ለገባ ለወጣው አወጅኩ፤ ቀይ ለሰው፣ ነጭ ለእርሳስ።

ወሬው ግን አጥር ዘሎ ሐጂ ኑሪ ጋ ደረሰ። ከሐጂ ጋር ጎረቤትነታችን የሚያስቀና ነው፤ በዒድ ከቤታቸው ሳይላክልኝ ቀርቶ አያውቅም። ጭሴ ብቻ ነው የማያስማማን። ነፋሱ ወደ እሳቸው ሲያደላ ፊታቸውን ወደ ቂብላ ሳይሆን ወደ ሌላ አቅጣጫ ያዞራሉ። በርበሬ ከቡታጅራ የምታመጣ የጭነት መኪና ነበራቸው፤ ባትሪዋ ከሞተ ቆይቷል። ሁልጊዜ ጠዋት እሷን መግፋት የሰፈራችን ሥራ ነበር። ቄስ ከቅዳሴ ሲወጣ ይገፋል፣ ከመስጊድ የሚመጣው ይገፋል፣ ሃምሳ አለቃ ገብሬ «ግራ፣ ቀኝ» እያሉ ያዛሉ። ኮልፌ የተስማማው በዚያች መኪና ነው ብል አላጋነንኩም።

ሐጂ አንድ ቀን አጥሩ ጥግ ቆመው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ታደለ አዲስ ባትሪ አስገዝቷቸው የወንዝ ውሃ እንዳይጨምሩበት መክሯቸዋል።

«እትዬ፣ ያ ልጁ የሚጠቀምበት ውሃ ለእኔም ይገኝ ይሆን?»

«ማሰሮው አዲስ ነው ሐጂ። ጌሾ አልነካውም። ወላሂ ልበልልዎት?»

«ኧረ መሐላውን ለእኔ ይተዉልኝ» አሉ እየሳቁ።

ነጭ ክር ያለበትን ጠርሙስ ሰጠኋቸው። ሰው እንዳያያቸው ብለው ኮታቸው ውስጥ ደበቁት፤ ስሕተቱ እሱ ነው። ያልደበቁትን ዕቃ ማንም አያየውም። ፌርማታው ጋ ሲደርሱ ሃምሳ አለቃ ገብሬ የጠርሙሱ አንገት ከኮቱ ሲወጣ አዩና ቆመው ሰላምታ ሰጡ።

«ሐጂ፣ እርስዎም?»

አውቶቡስ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ዞረ። ሐጂ ጠርሙሱን አውጥተው ከፍ አድርገው፣ «የመኪና ውሃ ነው» አሉ። ከእኔ ቤት የወጣ ጠርሙስ የመኪና ነው ቢባል ማን ያምናል? በመጨረሻ ሃምሳ አለቃ አንድ ጠብታ መዳፋቸው ላይ አስደርገው ቀመሱና ለተሰበሰበው ሕዝብ ፍርድ ሰጡ። «ውሃ ነው። እኔ ሦስት መለኪያ ጠጥቼ የማውቀው ነው።» ሐጂ ነፃ ወጡ። እኔም አብሬ ነፃ ወጣሁ።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ደህና ነበር። አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ፤ ጥፋት ከተባለ።

ግንቦት ሲጋመስ ታደለ ከሳ። ምግብ ሳቀርብለት ማንኪያውን ይዞ ብልቃጥ ያያል። «ልጄ፣ ና ጠበል ልውሰድህ» እለዋለሁ፤ «እማማ፣ ጊዜ የለኝም» ይላል። የምንሄድበት ጠበል ከኮረብታው ሥር የሚፈልቅ፣ የሚወርድበትን ድንጋይ ሁሉ ቀይ የሚያደርግ፣ ስንቱን ያዳነ ነው። የማርያም ዕለት ሄጄ በጠርሙስ ይዤለት መጣሁ። ጠጣ ብለው «ኋላ» አለ። ቁጭ ብዬ አሰብኩ። እሱ ወደ ጠበሉ ካልሄደ፣ ጠበሉ ወደ እሱ ይሂድ። ቀኑን ሙሉ ዓይኑና ልቡ ያለው የት ነው? አንደኛው ብልቃጥ ውስጥ። እንግዲያው ነጭ ክር ያለበት የታደለ ጠርሙስ ውስጥ አንድ ቆርኪ ጠበል ጠብ አደረግሁ። «ምንም እንዳይገባበት» ብሎኛል፤ አውቃለሁ። ግን ጠበል «ምንም» ነው እንዴ? ከጠበል የጠራ ምን አለ?

የሐጂ ጠርሙስ ላይ አላደረግሁም። የሰው ሃይማኖት ሳላስፈቅድ አልነካም።

በሳምንቱ ታደለ መርፌውን እያየ ተኮሳተረ። አንደኛው ብልቃጥ ወርዷል። «እርሳሱ ይሆናል» አልኩት በሙሉ ልብ። «እርሳስ ታማኝ አይደለም፤ ለጥይትም የሚሆን እሱ ነው።» እርሳሱን ፋቀ፣ ሽቦውን ቀየረ፣ መደርደሪያውን ከመስኮት አራቀ። እኔ ደግሞ ነገሩ እንደበረታ ስላየሁ በመድኃኔ ዓለም ሁለት ቆርኪ አደረግሁ። በሽታ ሲጠና መድኃኒት ይጨመራል እንጂ ይቀነሳል? ብልቃጡ ጭራሽ ከጉድጓዱ ውሃ በታች ወረደ። በአቦ ሦስት ቆርኪ። ይኼኔ ከወንዙም በታች ሆነ። ወንዙን ታውቁታላችሁ፤ ቄራ የሚታጠብበት ነው።

ታደለ ብልቃጦቹ ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ለማንም ሳይሆን ተናገረ። «ንጹሑ ውሃ ከቆሻሻው ቀድሞ ከሞተ፣ ወይ ሳይንሱ ውሸት ነው ወይ እኔ ሰነፍ ነኝ። መምህሩ ሁለተኛውን ነው የሚያምነው።» ሰኔ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ከጥቂት ቀን ቀርቶታል። እኔ ጓዳ ገብቼ አራተኛ ቆርኪ ለመጨመር እጄን ዘረጋሁ።

በዚያው ቅጽበት ሐጂ ኑሪ ፊታቸው በርቶ ገቡ። ባዶ እጃቸውን አልመጡም፤ ግማሽ የቀረው ጠርሙስ ይዘዋል። «ታደለ፣ አላህ ያሳድግህ። ቁልፉን አንዴ ነካ ማድረግ ነው፣ መኪናዋ ትነሳለች። ሦስት ሳምንት ሙሉ ገፊ አልጠራሁም። መንገድ የማልወጣበት ሳምንት እንኳ ቆማ ከርማ ትነሳለች። እትዬ፣ እጅዎ ይባረክ።»

ታደለ ቀስ ብሎ ተነሳ። «ሐጂ፣ ውሃው የእማማ ነው?»

«ታዲያ የማን ሊሆን ነው?»

«ያው ማሰሮ፣ ያው ሸምበቆ፣ ያው እሳት» አለ ታደለ። ጠርሙሱን ተቀብሎ ወደ ብርሃን ከፍ አደረገው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «እማማ፣ የሐጂ ባትሪ ቆማ ትከርማለች፤ የእኔ እንደቆመች ትሞታለች። ምንድን ነው ልዩነቱ?»

ልዩነቱ በቀኝ እጄ ነበር፤ ቆርኪው።

ነገርኩት። ሐጂ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ታደለ ተመልሶ በርጩማው ላይ ተቀመጠና ብልቃጦቹን አንድ በአንድ ማየት ጀመረ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። በሕይወቴ አረቄ ተበላሽቶብኝ አያውቅም፤ የሰው ልጅ ዓመት ግን አበላሸሁ። ወደ ጓዳ ልገባ ስል፣

«እማማ፣ ስንት ነው ያደረጉት?» አለኝ።

«በየጠርሙሱ በማርያም አንድ ቆርኪ፣ በመድኃኔ ዓለም ሁለት፣ በአቦ ሦስት። ለዛሬ ገና ነበርኩ።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ልጄ፣ እኔ ቀን የምቆጥረው በታቦት ነው። ታቦት አይሳሳትም።»

ደብተሩን ገለጠ። በጣቱ እየተከተለ ወረደ። ከማርያም በኋላ መርፌው ትንሽ ወርዷል። ከመድኃኔ ዓለም በኋላ የበለጠ። ከአቦ በኋላ ወደቀ። እንደገና ከላይ ጀመረ። ከዚያ ፊቱ ላይ ያየሁት፣ ድፍድፉ በደንብ መፍላቱን ሳውቅ እኔ ፊት ላይ የሚታየው ዓይነት ነው።

«ድንጋዩን ቀይ የሚያደርገው ብረት ነው» አለ። «ውሃው ብረት አለበት። በቆርኪ የምትለካ ብረት እንኳ ባትሪውን ታደክመዋለች ማለት ነው። ብረቱ ያ ወሬኛው ነው፣ እማማ። እርስዎ ወሬኛውን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ ቆጥረው ነው ያስገቡልኝ።»

«እኔ በትንሹ ሠርቼ አላውቅም» አልኩት፤ ነፍሴ መለስ አለች።

የሐጂን ግማሽ ጠርሙስ ወስዶ መረመረው፤ እንከን የለበትም። በእሱ ንጹሕ ብልቃጥ እንደገና ጀመረ፤ የእኔን ጠበል ያለበትን ደግሞ አምስተኛ ብሎ አቆመው። ሐጂ ጉድጓዳቸው ስንተኛ እንደወጣ ጠየቁና ሦስተኛ ሲባሉ ትንሽ ቅር አላቸው። «ከወንዙስ እሻላለሁ አይደል?» ብለው ሄዱ።

ጽሑፉን ያየው ፈረንጅ መምህር ግን አላመነም። ጠበሉ በየትኛው ቀን ስንት እንደገባ ማን ጻፈ? ማንም። እንግዲያው ሴትዮዋን ልጠይቅ ብሎ፣ መሄጃው ሦስት ቀን ሲቀረው ኮልፌ ድረስ መጣ። ረጅም ነው፤ የቤቴ በር ዝቅተኛ ስለሆነ ጎንበስ በል ተብሎ ነበር፣ አልሰማም፤ ጉበኑን በግንባሩ መታው። አረቄ የማወጣበትን ዞሮ ዞሮ አየ፤ ሸምበቆውን በጣቱ አንኳኳ። በታደለ በኩል ቀኖቹን ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ሊያሳስተኝ ፈልጎ ከኋላ ወደ ፊት ጠየቀኝ፤ አቦን፣ መድኃኔ ዓለምን፣ ማርያምን ብዬ ቆጠርኩለት። ቆርኪውን ተቀብሎ በቀጭን ብርጭቆ ለካው። በመጨረሻ «ለምን አንድ፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ሦስት?» አለ።

«ሕመምተኛው ስለባሰበት ነዋ» አልኩ።

ታደለ ተረጎመለት። ፈረንጁ ጻፈና ራሱን ነቀነቀ። ስለደከመ ቀይ ክር ካለበት አንድ መለኪያ ቀዳሁለት። ከጠጣ በኋላ ጥያቄ አልጠየቀም።

ሰኔ ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው ታደለ ከፌርማታው ጀምሮ ወረቀቱን እያውለበለበ መጣ። ሐጂ ከአጥሩ በላይ ብቅ አሉ፤ ሃምሳ አለቃ ገብሬ መለኪያቸውን አስቀመጡ። ታደለ አጠገቤ ተቀምጦ አምስቱን ውሃዎች በተራ አነበበልኝ። ንጹሑ አንደኛ፣ ዝናቡ፣ የሐጂ ጉድጓድ፣ ወንዙ፣ ከሁሉም በታች አምስተኛው።

«ጠበል ብዬ አልጻፍኩትም፣ እማማ» አለ አፈር ብሎ። «ብረት ያለበት የምንጭ ውሃ ነው ያልኩት።»

«ከዚያስ መጨረሻው ላይ ስለ እሱ ምን አልክ?»

«ለባትሪ አይሆንም ብዬ ነው የጻፍኩት።»

«ታዲያ እኔ መች ለባትሪ ሰጠሁት?» አልኩት። «የሰጠሁት ለአንተ ነው። አንተ አልፈሃል ወይስ አላለፍክም?»

ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ሐጂን አየ።

«አልፌያለሁ፣ እማማ።»

«እንግዲያው እሱንም ጻፈው» አልኩት።